በውትድርና የደረሰ የአእምሮ ጉዳት በምን ይረጋገጣል? ከጡረታ ቦርድ እስከ ጀዊ መጠለያ የተደረገ ዳሰሳ

ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው አገልግሎቱ አእምሮውን እንደጎዳው ገልጾ የጡረታ ወይም የካሳ መብት ሲጠይቅ ሦስት ነገሮችን እንዲያስረዳ ይጠበቅበታል፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ ለጉዳት የሚዳርግ ነገር እንደገጠመው፣ ዛሬ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም እንዳለበት፣ ሕመሙም ከዚያ ገጠመኝ የመነጨ መሆኑን። እግሩን በፈንጂ ያጣ ወታደር ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያስረዳል፤ ጉዳቱ ይታያል፣ የደረሰበት ቀን ይታወቃል፣ ያከመው የጦር ሜዳ ሆስፒታልም መዝግቦታል። ሌሊት እየቃዠ የሚነሳ፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ የሚወድቅ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ መቅረብ ያቃተው ሰው ግን ሦስቱን ለየብቻ፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በኋላ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ የማስረዳቱን ሸክም ማን ሊሸከም እንደሚገባና ምን ዓይነት ማስረጃ በቂ ሊባል እንደሚችል ነው። ጥያቄው በኢትዮጵያ ገና በወጉ አልተነሣም፤ ሳይነሣ የቆየበት ምክንያትም የታሪኩ አካል ነው።

የሚታይ ቁስልን የለመደ ሥርዓት

በኢትዮጵያ የተዋጊ ውለታ ለረጅም ዘመን የተከፈለው በመሬት፣ በማዕረግና በሹመት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት ሲሰጥ መመዘኛው የተፈጸመው አገልግሎት እንጂ የደረሰው ጉዳት አልነበረም። ጉዳትን በሕግ ለክቶ አበል የመክፈል ሐሳብ መልክ የያዘው በ1955 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ ወታደሩንና የሲቪል ሠራተኛውን በአንድ የጡረታ ሥርዓት ሥር አሰባሰበ። አዋጁ ሲወጣ በኮሪያ ልሳነ ምድር የተዋጉት የቃኘው ሻለቃዎች አባላት ከተመለሱ ዓመታት አልፈው ነበር። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እንደወደቁና ከ500 በላይ እንደቆሰሉ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ግን ሥጋ የለበሰውን ቁስል ብቻ የያዘ ነበር። በዚያ ዘመን በሌላውም ዓለም ቢሆን ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው የአእምሮ ሕመም ራሱን ችሎ የሚጠራ የተስማሙበት ስም ስላልነበረ ይህን ለአገሪቱ ብቻ የተለየ ጉድለት አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ደርግ ሠራዊቱን በብዙ እጥፍ ሲያሰፋ ጉዳተኛውም በዚያው ልክ በዛ፤ ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የተቋቋመው የጀግኖች አምባም የዘመኑን አመለካከት ያሳያል፤ ጀግና የሚባለው ጉዳቱ የታየ ሰው ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከነመሣሪያው ተበተነ፤ ገሚሱ ወደ ቀየው ሄደ፣ ገሚሱ ድንበር ተሻግሮ ሱዳንና ኬንያ ገባ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለገጠሬው በሬና ዘር፣ ለከተሜው ሥልጠናና መቋቋሚያ ገንዘብ፣ ለአካል ጉዳተኛው ሕክምናና ሰው ሠራሽ አካል በማቅረብ በአህጉሩ ከታዩ ትልልቅ የሠራዊት ቅነሳዎች አንዱን አከናውኗል። የሥራው ስፋት ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም መርሐ ግብሩ የተነደፈው ሰውን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ በመሆኑ ማን የት እንደተዋጋና ምን እንደደረሰበት መዝግቦ ማቆየት ከዓላማው ውስጥ አልገባም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ 148 ሺህ ገደማ ወታደሮች ሲሰናበቱም 17 ሺህ ያህሉ ጉዳተኞች ተብለው ተለይተዋል፤ የመለያው ሚዛን አሁንም ያዘነበለው ወደ አካል ጉዳት ነበር።

ሁለት የጡረታ በሮች

የጡረታ ሕጉን ለሚያነብ ሰው ትልቁ ልዩነት ያለው በጤና ጉድለት ጡረታና በጉዳት ጡረታ መካከል ነው። የመጀመሪያው ሕመሙ ከየትም ይምጣ ለሥራ የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ ባለማሟላቱ ለሚሰናበት ሰው የሚከፈል ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ ይህን ያላሟላ ሰው በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ማለትም በዳረጎት ይሸኛል። ሁለተኛው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል በመሆኑ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 እንደተደነገገው ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ መሆኑና ሠራተኛውን ለዘለቄታው ከሥራ የሚያስወጣው መሆኑ በሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1267 ተተክቷል።

ወታደሮች «በቦርድ ወጣ» የሚሉት ሰው ከሁለቱ በሮች በየትኛው እንደወጣ የሚወሰነው የሐኪሞች ቦርድ በሚጽፈው ጥቂት መስመር ነው። አምስት ዓመት አገልግሎ በአእምሮ ሕመም የተሰናበተ ወጣት፣ ሕመሙ ከውጊያ ጋር መያያዙ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ዳረጎቱን ተቀብሎ ከመሄድ ያለፈ መብት አይኖረውም። ሕመምተኛ መሆኑን ማንም አልካደም፤ የጠፋው ሕመሙን ከአገልግሎቱ ጋር የሚያገናኘው ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚህ የሚከተለው የሕግ ጥያቄ በኢትዮጵያ የሕግ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ አልተፈተሸም። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት በሁለት ይከፈላል፤ ድንገት የሚደርስ አደጋና ከሥራው ዓይነት ወይም ከሚሠራበት አካባቢ የሚመጣ የሥራ በሽታ። የአእምሮ ጉዳት ከየትኛው ይመደብ? ጓዱ ዓይኑ እያየ የተገደለበትና ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕመም የገባበት ሰው ታሪክ ለአደጋ ይቀርባል፤ ለሁለት ዓመት በምሽግ ውስጥ ከባድ መሣሪያ ሲወርድበት የኖረው ሰው ታሪክ ደግሞ ለሥራ በሽታ። የመጀመሪያው ቀንና ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ግን የቆይታ ማስረጃ ይበቃዋል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ቀኑን ማስታወስ ያልቻለ አመልካች መብቱን የሚያጣው በዚህች ስንጥቅ መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።

ሌሎች አገሮች ሸክሙን ለማን ሰጡ?

ሕመሙ ዛሬ ባለሙያዎች በምህጻሩ ፒቲኤስዲ በሚሉት ስም፣ በአማርኛ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ልንለው በምንችለው፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ድንጋጤ፣ በሁለተኛው የውጊያ ድካም ይባል ነበር። የ1980ው ስያሜ ከቀደሙት የሚለየው የሕመሙን ምንጭ በመለያው ውስጥ በማካተቱ ነው፤ አሰቃቂ ገጠመኝ ሳይኖር ሕመሙ አለ ሊባል አይችልም። በዚህም ሐኪሙ ሳይወድ የታሪክ መርማሪ ሆነ፤ የጡረታ መሥሪያ ቤቶችም «ገጠመኙን አረጋግጥ» የሚል የሕክምና ድጋፍ ያለው ጥያቄ አገኙ።

የአሜሪካ የቀድሞ ተዋጊዎች መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ከተዋጊው ቃል ውጭ የሆነ ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር፤ ለምሳሌ የክፍሉን የዕለት መዝገብ፣ የሜዳልያ ወረቀትን ወይም የጓዶችን የጽሑፍ ምስክርነት። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ደንቡን አሻሽሎ፣ ሕመሙ ከጠላት ጥቃት ፍርሃት የመነጨ ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ካረጋገጠውና የተባለው ነገር ከአገልግሎቱ ቦታና ሁኔታ ጋር ከተጣጣመ የሰውየው ቃል ብቻውን እንዲበቃ አደረገ። በሠራዊት ውስጥ ለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትም ቀጥተኛ መዝገብ ስለማይገኝ፣ ድንገተኛ የዝውውር ጥያቄ፣ የሥራ ውጤት ማሽቆልቆል፣ ለቤተሰብ የተጻፈ ደብዳቤ የመሳሰሉ የጎን ምልክቶች ተቀባይነት አግኝተዋል። ብሪታንያ በተቃራኒው ሄዳለች፤ በቀድሞው የጦር ጡረታ ደንብ ከስንብት በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ለቀረበ ጥያቄ ሕመሙ ከአገልግሎት አለመምጣቱን ማስረዳት የመንግሥት ግዴታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2005 ወዲህ ለደረሰ ጉዳት ግን የማስረዳት ሸክሙ ወደ አመልካቹ ዞሯል።

ከሁለቱ ልምዶች የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ማሻሻያ የቆመው የተዋጊው ክፍል በየትኛው ወር የት እንደነበረ በሚያሳይ የተሟላ መዝገብ ላይ ነው፤ ቃሉ የሚመዘንበት ሌላ ወረቀት አለ። መዝገቡ በጠፋበት ወይም በምስጢር በተያዘበት አገር «ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር ይጣጣማል» የሚለው መመዘኛ የሚንጠለጠልበት የለውም።

ትዝታ ምን ያህል ይታመናል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ተጠራጣሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውን የፍሩህንና የባልደረቦቹን ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ከቬትናም ውጊያ ጋር በተያያዘ ሰቀቀን ሕክምና ከጠየቁ 100 ሰዎች መካከል በወታደራዊ ማህደር ውጊያ ላይ ስለመዋላቸው ግልጽ ማስረጃ የተገኘላቸው 41 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተከራካሪዎቹ ደግሞ ማህደር ያልመዘገበው ነገር አልተፈጸመም ማለት እንዳልሆነ ያስረዳሉ። በቀጣዩ ዓመት ዶረንዌንድና ባልደረቦቹ ትልቁን የቬትናም ተዋጊዎች ጥናት ከሠራዊቱ መዛግብት ጋር አስተያይተው የሕመሙን ስፋት ከ30.9 ወደ 18.7 በመቶ ዝቅ ሲያደርጉት፣ በዚያው ጥናት ሆን ተብሎ የተፈበረከ ታሪክ እምብዛም እንዳልተገኘና የውጊያው ክብደት ሲጨምር ሕመሙም እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ መዝገብ የስፋትን ግምት ለማረም ይጠቅማል፤ አንድን ሰው ሐሰተኛ ለማለት ግን አይበቃም ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

ከዚህ የበለጠ ለአሠራር የሚቀርበው የሳውዝዊክና የባልደረቦቹ ግኝት ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ 59 ወታደሮች ስለ ገጠመኛቸው አንድ ጊዜ ከአንድ ወር፣ ሌላ ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ 88 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ መልሳቸውን ቀይረዋል። በስደተኞች ላይ የተደረገ የብሪታንያ ጥናትም ከኮሶቮና ከቦስኒያ የመጡ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲጠየቁ ቃላቸው እንደሚለያይ፣ ሰቀቀኑ የበረታባቸውና በሁለቱ ቃለ መጠይቆች መካከል ረጅም ጊዜ ያለፈባቸው ደግሞ ልዩነታቸው እንደሚሰፋ አሳይቷል። የቃል መለዋወጥ ለብዙ መርማሪ የሐሰት ምልክት ነው፤ ማስረጃው ግን መለዋወጡ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። አንድን ሰው በቀበሌ፣ በሆስፒታል፣ በቦርድና በይግባኝ አራት ጊዜ እያስተረኩ የአራቱን ልዩነት መቁጠር ሕመምተኛውን በሕመሙ መቅጣት ነው።

ካርዱ ላይ የሚጻፈውና የማይጻፈው

በኢትዮጵያ ከሦስቱ ማስረጃዎች ሁለተኛው፣ ማለትም የሕክምና ማስረጃው፣ የራሱ ድካም አለበት። ለረጅም ዘመን ልዩ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነበር፤ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የዴ ዮንግና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ጦርነት ባለፈባቸው አራት አገሮች ውስጥ ሲካሄድ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጠየቁት 15.8 በመቶው ሰቀቀኑ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ሕመሙ በአገሪቱ መኖሩ ያን ጊዜም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ተዋጊው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ ግን «ጦርነቱ አእምሮዬን ጎዳው» ብሎ አይገባም። ራሱን እንደሚያመው፣ ልቡ እንደሚመታ፣ ጨጓራው እንደሚያቃጥለው፣ እንቅልፍ እንደራቀው ይናገራል፤ ጤና ባለሙያውም የሰማውን ይጽፋል፣ ማስታገሻ ያዛል። ከ10 ዓመት በኋላ ያ ካርድ ለማስረጃነት ሲቀርብ የሚነበበው «ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም» የሚል ነው። ወታደር እንደነበረ እንኳ ያልተጻፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ጸበል የወረደው ወይም በቤተሰቡ የተያዘው ደግሞ ካርድም የለው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ከየትኛውም አዲስ ሕግ በላይ የሚጠቅመው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ «በውትድርና አገልግለዋል ወይ? የት? መቼ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች መጠየቃቸውና መልሱ መጻፉ ሳይሆን አይቀርም።

የአመልካቹ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። «በጦርነት ብዙ ስቃይ አይቻለሁ» የሚል ማመልከቻ እውነት ቢሆንም የሚያጣራው ሰው መነሻ አያገኝበትም፤ የክፍለ ጦሩን፣ የሻለቃውንና የሻምበሉን ስም፣ ዘመኑን ቢያንስ በወቅት («ከመስቀል በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ»)፣ ቦታውን፣ አብሮት የነበረውን ሰው የሚጠቅስ ጽሑፍ ግን ከሌላ ሰው ቃልና ከሌላ ወረቀት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ከስንብት በፊት የሚያውቁት ጓዶች ያየውን፣ ከስንብት በኋላ የሚያውቁት ሚስት፣ እናት ወይም ጎረቤት የተለወጠውን ይመሰክራሉ፤ ሁለቱ የምስክር ዓይነቶች አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጋምቤላ፦ ቃሉ ኑዛዜ ሲሆን

እስካሁን የተነሡት ክርክሮች ሁሉ አመልካቹ ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው በሚል ግምት ላይ የቆሙ ናቸው። የጋምቤላ ነገር ይህን ግምት ይፈትነዋል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የጋምቤላ ነፃነት ግንባርና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን ባጠቁ ጊዜ የክልሉ ልዩ ኃይልና የፌዴራል ኃይሎች ተዋግተው ከተማዋን አስለቅቀዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ምርመራ ደግሞ በወቅቱና በተከታዮቹ ቀናት የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሲቪሎችን መግደላቸውን አስታውቋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች በአገር አቀፍ ደረጃ ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሲቪል ኑሮ እንዲገቡ ተደረገ።

ከእነዚያ አባላት መካከል ያየው ወይም የፈጸመው ነገር እንቅልፍ የነሣው ሰው ቢኖር ምን ብሎ ያመልክት? የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሰው ከገዛ ኅሊናው ጋር የሚጋጭ ነገር በመፈጸሙ ወይም ሳይከለክል በመቅረቱ የሚደርስበትን ስብራት የኅሊና ቁስል ብለው ከፍርሃት ከሚመጣው ሰቀቀን ለይተው ያጠኑታል። ይህ ሰው ለሐኪም የሚሰጠው ዝርዝር ቃል ለጡረታ ቦርድ ማስረጃ፣ ለዐቃቤ ሕግ ደግሞ ኑዛዜ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ይቅርታንና ማካካሻን በአንድነት ያቀፈ በመሆኑ ጥያቄው የወደፊት ብቻ አይደለም። አንዱ አቋም የሕክምና ምስጢር ፍጹም ይጠበቅ ይላል፤ ሌላው የሟች ቤተሰብ የማወቅ መብት በጡረታ ፋይል ውስጥ ሊቀበር አይገባም ይላል። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች በዚያው ከተማ ይኖራሉና። የሚሻለው መንገድ ቦርዱ የድርጊቱን ዝርዝር ጨርሶ አለመጠየቁ ነው፤ ክፍሉ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ መሰማራቱ ከመሥሪያ ቤቱ ይረጋገጥ፣ ሕመሙ ከሐኪም ይረጋገጥ፣ የተፈጸመው ነገር ደግሞ እውነትን ለማውጣት ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይነገር።

ጀዊ፦ አገልግሎትን መናገር የሚጎዳበት ቦታ

ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የጀዊ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሌችዎርና ኒፕኒፕ የተባሉት መጠለያዎች በጎርፍ በመጥለቅለቃቸው ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 ከተቀሰቀሰው የደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ኑዌሮች ናቸው። እዚህ የጡረታው ሒሳብ ይገለበጣል። የጥገኝነት ሥርዓቱ መጠለያ የሲቪሎች ቦታ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ በጦር ሜዳ የነበረ ሰው ውትድርናውን ለዘለቄታው መተዉ ሳይረጋገጥ እንደ ስደተኛ አይቆጠርም፤ ከባድ ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ የሚጠረጠረውም እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ከጥበቃ ሊገለል ይችላል። ከተማ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ተሰናባች አገልግሎቱን ካላስመዘገበ መብቱን ያጣል፤ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው የቀድሞ ተዋጊ ካስመዘገበ መጠለያውን የሚያጣ ይመስለዋል። ዝም ይላል፤ አካሚውም ሕመሙን ያያል እንጂ ምንጩን አይሰማም።

ዝምታው ሌላም ሥር አለው። አንትሮፖሎጂስቷ ሻሮን ሃቺንሰን እንደመዘገበችው በኑዌር ባህል ሰውን የገደለ ሰው የደም ርኩሰት ስለሚያገኘው የምድር ጌታ በሚባለው የሥርዓት መሪ እጅ ካልጸዳ በቀር አይበላም አይጠጣም፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ሲሰፋ ግን የጦር መሪዎች በ«መንግሥት ጦርነት» የተገደለ ሰው ደም ይህን ርኩሰት አያስከትልም እያሉ ተዋጊውን ከሥርዓቱ አላቀቁት። ስለዚህ ገዳዩ ያየውንና ያደረገውን አውጥቶ ይናገርበት የነበረው ሥርዓት ተነሣ፣ በምትኩ የመጣ መናገሪያ ግን የለም። በጀዊ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሰጪዎች በወረቀት ከሚሞላው የምልክቶች ዝርዝር ባሻገር ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

በእጅ ያለ ዕድል

የትግራይን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል፤ በትግራይ ተግባራዊ ሥራው የተጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ተዋጊዎቹ በማዕከላት ተሰባስበው ስማቸውንና የጣት አሻራቸውን ይሰጣሉ፣ ጥቂት ቀናት ሠልጥነው መቋቋሚያ ገንዘብ ይዘው ይወጣሉ። የነበሩበት ክፍል፣ የተዋጉበት ቦታና ዘመን፣ እንዲሁም አጭር የአእምሮ ጤና ምርመራ ውጤት በዚያው ቅጽ ላይ ቢሰፍርና አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ቢሰጥ፣ ኋላ በየቢሮው የሚንከራተተው ሰው ከሦስቱ ማስረጃዎች የመጀመሪያውን በኪሱ ይዞ ይገባል። ከነዚህ ተዋጊዎች ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ስላልነበሩ የጡረታ አዋጁ አይመለከታቸውም፤ መብቱ ዛሬ የለም ተብሎ መዝገቡም ከቀረ ግን ወደፊት የሚወጣ ማንኛውም የካሳ ሕግ የሚመለከተው ወረቀት አያገኝም። ቅጹ የሚያዝበት ቦታ፣ የሚያየው ሰው ማንነትና በክስ ጊዜ ይፈለግ እንደሆነ የሚወስን ደንብ አስቀድሞ ካልወጣ ደግሞ ተዋጊው በጀዊ እንዳለው ሰው ዝምታን ይመርጣል፤ ይህ ደንብ በየትኛው ተቋም፣ ከጤና ሚኒስቴር፣ ከመከላከያና ከኮሚሽኑ በማን ኃላፊነት እንደሚዘጋጅ ገና መልስ አላገኘም።